አየሩ ሞልቶ እህሉ የጠፋበት ሰፈራ፦ የአንድ ጌም የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

አራት ጓደኛሞች አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እየተገናኙ በአንድ ኮምፒውተር አንድ ሰፈራ ያስተዳድሩ ነበር። ሰፈራው ያለው አስትሮይድ በሚባል፣ ጠፈር ላይ በሚዞር አለት ሆድ ውስጥ ነው። 12 ሰዎች ይኖሩበት ነበር። የሚተነፍሱት አየር በቂ ነበር። መብራትም ነበር። ውሃም አላለቀም። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ሰዎች በረሃብ ሞቱ፤ የቀሩት አሥሩም ለጥቂት ተረፉ።

ነገሩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሞቱ አይደለም። በዚህ ጌም ሰው መሞቱ የተለመደ ነው። ያነሳሳኝ የረሃቡ መንስኤ ነው። ሰፈራውን ያስራበው፣ ቀደም ብሎ ከመታፈን ያዳነው ራሱ ማሽኑ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር በመሥሪያ ቤትም በእርሻም ይደርሳል። ግን እዚያ መፍትሔውና ጉዳቱ በዓመታት ስለሚራራቁ ማንም አያገናኛቸውም። እዚህ እያንዳንዱ ቁጥር ይታያል፣ የድሮውን ፋይል ከፍቶ ምን መቼ እንደተበላሸ ማየትም ይቻላል።

የተጫዋቾቹን ስም አልጠቅስም። በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ፦ የምግብ ኃላፊዋ፣ የአየር ኃላፊው፣ የኃይል ኃላፊው፣ የቁፋሮ ኃላፊዋ። እኔ ጌሙን ቀድሜ አውቀው ስለነበር ሰፈራው ሲታመም ፋይሉን አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አብሬያቸው ተከታትያለሁ።

ጌሙ

የጌሙ ስም ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ ይባላል። የሠራው በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኘው ክሌይ ኢንተርቴይንመንት የተባለ ስቱዲዮ ነው። ገና ሳያልቅ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ሲሆን፣ ተጠናቆ የወጣው ጁላይ 30 ቀን 2019 ነው።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ሦስት ሰዎች አስትሮይድ መሀል ላይ ባለች አንዲት ማሽን አጠገብ ይነቃሉ። ወደ ውጪ መውጫ የለም። በዙሪያቸው ድንጋይ፣ አፈር፣ ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት አልጌ አለ። ሰዎቹ ዱፕሊካንት ይባላሉ፤ ተጫዋቾች በአጭሩ ዱፕ ይሏቸዋል። ማሽኗ በየሦስት ዑደቱ አዲስ ሰው ወይም የዕቃ ስጦታ ታቀርባለች። መቀበልም አለመቀበልም ይቻላል። አንድ ዑደት የጌሙ አንድ ቀን ነው፤ 600 ሰከንድ ይፈጃል።

ሲያዩት የከተማ ግንባታ ጌም ይመስላል። እኔ ግን እንቆቅልሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ጠላት የለም። የሚዘርፍ የለም፣ የሚተኩስ የለም። ያለው የተፈጥሮ ሕግ ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሃይድሮጂን ወደ ላይ ይወጣል። አንዱ ማሽን የሚጥለውን ሌላው ይፈልገዋል፣ ወይም ሌላውን ይጎዳዋል። ሰፈራ ሲሞት የገደለው ሁልጊዜ ተጫዋቹ ራሱ የሠራው ነገር ነው። ጥሩነቱም እዚህ ላይ ነው፤ የሞተበትን ምክንያት ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

አጀማመር

አራቱ ጓደኛሞች የጀመሩት ቴራ በሚባለው፣ ለጀማሪ በሚመከረው የአስትሮይድ ዓይነት ነው። ሥራውን ተከፋፈሉ። ኮምፒውተሩ አንድ ስለሆነ በየተራ ይቀመጣሉ፤ የተቀመጠው የራሱን ዘርፍ ይሠራል፣ ሌሎቹ ከጎን ሆነው ያያሉ ወይም ቡና ያፈላሉ። መብራት ቢጠፋም ብዙ አይጎዱም ነበር፤ ጌሙ በየዑደቱ ራሱ ያስቀምጣል።

ክፍፍሉ በመጀመሪያ በጣም ጠቀማቸው። የምግብ ኃላፊዋ ሚልውድ የሚባለውን ተክል ዘራች። ሚልውድ ውሃ አይፈልግም፤ ለአንድ ተክል በዑደት 10 ኪሎ አፈር ይበቃዋል። በሦስት ዑደት 600 ካሎሪ ይሰጣል። አንድ ሰው በዑደት 1,000 ካሎሪ ስለሚበላ ለአንድ ሰው አምስት ተክል ማለት ነው። ስሌቱን በትክክል ይዛው ነበር። የኃይል ኃላፊው በእግር የሚዞረውን ጄኔሬተር በከሰል ጄኔሬተር ተካ። የአየር ኃላፊው ከአልጌ ኦክስጅን የሚያወጡ ማሽኖችን አቆመ። የቁፋሮ ኃላፊዋ ደግሞ በስተግራ በኩል በረዷማ ዋሻ አገኘች፤ ለጊዜው አያስፈልግም ተብሎ በሩ ተዘጋ።

አዲስ ሰው በቀረበ ቁጥር ይቀበሉ ነበር። እያንዳንዱ ኃላፊ ለራሱ ዘርፍ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ የሚከለክል ደግሞ የለም። እንዲህ እያሉ 50ኛው ዑደት አካባቢ 12 ደረሱ።

አልጌው አለቀ

አንድ ሰው በሰከንድ 100 ግራም ኦክስጅን ይተነፍሳል። የአልጌ ማሽኑ በሰከንድ 550 ግራም አልጌ በልቶ 500 ግራም ኦክስጅን ይሰጣል። ሦስት ሰው በዑደት 200 ኪሎ ያህል አልጌ ይበቃዋል። ለ12 ሰው ግን ወደ 800 ኪሎ ይጠጋል። በአካባቢው የነበረው አልጌ በጥቂት ዑደት ተሟጠጠ። ሰዎቹ ትንፋሽ እያጠራቸው ሥራ ማቆም ጀመሩ።

የአየር ኃላፊው ያደረገው ነገር ማንኛውም ልምድ ያለው ተጫዋች የሚያደርገው ነው። ውሃን በኤሌክትሪክ ወደሚሰነጥቀው ኤሌክትሮላይዘር ዞረ። ይህ ማሽን በሰከንድ 1 ኪሎ ውሃ ወስዶ 888 ግራም ኦክስጅንና 112 ግራም ሃይድሮጂን ይሰጣል። ቁጥሩ የዘፈቀደ አይደለም። በእውነተኛው ውሃ ውስጥም ከክብደቱ 89 በመቶ የሚጠጋው ኦክስጅን፣ የቀረው ሃይድሮጂን ነው። ሁለት ኤሌክትሮላይዘር ለ12 ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሃይድሮጂኑን ለኃይል ኃላፊው ሰጠው፤ እሱም በሃይድሮጂን የሚሠራ ጄኔሬተር አቆመበት። ሰፈራው እስትንፋስ አገኘ። አራቱም ደስ አላቸው፤ ደስታቸውም የሚገባ ነበር። ሥራው በራሱ ሲታይ እንከን የለበትም።

ኤሌክትሮላይዘሮቹ የተተከሉት ግን መኝታ ቤቱና እርሻው አጠገብ፣ መሀል ላይ ነበር። አየሩ የሚፈለገው እዚያ ስለሆነ ማለት ነው።

ችግሩ

ወደ 80ኛው ዑደት ሲጠጋ የሚልውዱ ምርት መቀነስ ጀመረ። መጀመሪያ የላይኛው ረድፍ ቆመ። ቀጥሎ መካከለኛው። ተክሎቹ አልሞቱም፤ ማደግ ብቻ አቆሙ። ጌሙ ምክንያቱን በግልጽ ይጽፋል፦ ሙቀት። ሚልውድ የሚያድገው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። የእርሻው አየር 31 ሆኗል።

የምግብ ኃላፊዋ ይህን አይታለች። ጥያቄው ሙቀቱ ከየት መጣ የሚለው ነበር። ከእርሻው በታች የከሰል ጄኔሬተር አለ። ሲነኩት የሚፋጅ፣ ጭስ የሚተፋ፣ ማንም የሚጠረጥረው ማሽን። ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ነው ተባለ።

ውጤት ያላመጡ እርምጃዎች

ጄኔሬተሩ ተነቅሎ ወደ ሩቅ ጥግ ተወሰደ። ሰፊ ሥራ ነበር፤ ሽቦው ሁሉ እንደገና ተዘረጋ። ሙቀቱ ግን መጨመሩን ቀጠለ። በኋላ ስናሰላው ለ12 ሰው በሚበቃ መጠን ከኤሌክትሮላይዘር የሚወጣው ኦክስጅን ወደ ሰፈራው የሚያስገባው ሙቀት አንድ የከሰል ጄኔሬተር ከሚያወጣው ከአምስት እጥፍ አያንስም። ትልቁን ምንጭ ትተው ትንሹን አሳደዱ። ትንሹ በዓይን ስለሚታይ፣ ትልቁ ደግሞ ጥሩ ነገር ስለሚመስል ነው።

ቀጥሎ በረዶ ተሸከሙ። የቁፋሮ ኃላፊዋ በረዷማውን ዋሻ ከፍታ ዱፖቹ በረዶ እየቆረጡ እርሻው ውስጥ እንዲያከማቹ አደረገች። ለጥቂት ዑደት ጠቀመ። በረዶው ቀለጠ፤ ሙቀቱ ተመለሰ። ዱፖቹም ቀኑን ሙሉ በረዶ ሲያመላልሱ ሌላው ሥራ ተጓተተ።

ከዋሻው ዊዝወርት የሚባለውን ቀዝቃዛ ተክል ነቅለው ማምጣታቸው የተሻለ ሐሳብ ነበር። ይህ ተክል የሚስበውን አየር በ5 ዲግሪ አቀዝቅዞ ይመልሳል። አንዱን የእርሻ ጥግ አዳነ። ፎስፎራይት የሚባል ማዳበሪያ ግን ይፈልጋል፤ የነበረው ጥቂት ነው። መላውን ሰፈራ የሚሸከም አይደለም።

በጣም የጎዳው እርምጃ ማሽ ባር ነው። ምርት ሲጠፋ የምግብ ኃላፊዋ ከአፈርና ከውሃ የሚጋገረውን ይህን የድንገተኛ ጊዜ ምግብ ማሠራት ጀመረች። ውሳኔው ከእሷ ዘርፍ አንጻር ትክክል ነው። ሰው ተርቧል፣ ማሽኑ አለ፣ አፈርም አለ። ስሌቱን ግን እንየው። አንዱ ማሽ ባር 75 ኪሎ አፈርና 75 ኪሎ ውሃ ወስዶ 800 ካሎሪ ይሰጣል። 12 ሰው በዚህ ብቻ ቢኖር በዑደት 15 ማሽ ባር ያስፈልገዋል። ይህም 1,125 ኪሎ ውሃ ነው። ኤሌክትሮላይዘሮቹ ለ12 ሰው በዑደት የሚፈልጉት 811 ኪሎ ገደማ ነው። ማለትም የድንገተኛው ምግብ ከአየሩ የበለጠ ውሃ ይበላል።

የአየር ኃላፊው ኩሬው ለምን በፍጥነት እንደሚወርድ አልገባውም። ቧንቧ የፈሰሰ መስሎት ሲፈልግ ዋለ። በሌላ በኩል የምግብ ኃላፊዋ ውሃው የማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ለእሷ ኩሬው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እሳት ያጠፋሉ፤ የሚያጠፉበት ውሃ ግን አንድ ነው።

ሁለቱ ዱፖች የሞቱት በዚህ መሀል ነው። ሩቅ ሲቆፍሩ የሚውሉ ነበሩ። ወደ ገበታ የሚደርሱት መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲደርሱ ባዶ ነው። ጌሙ በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። በዚያ ሰዓት ግን ስክሪኑ በማስጠንቀቂያ ተሞልቶ ስለነበር የትኛው ሞት፣ የትኛው ምቾት ማጣት እንደሆነ አልለዩትም።

ምርመራው

ፋይሉን ያሳዩኝ ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ጊዜውን እንዲያቆሙ ነው። ጌሙ ቆሞ እያለ ሁሉንም ነገር ማየት ይቻላል፤ አንድም ሰው አይራብም። ሁለተኛ፣ አራቱም አንድ ላይ እንዲቀመጡና አንዱም የራሱን ዘርፍ እንዳይነካ ተስማማን።

ከዚያ የሙቀት ካርታውን ከፈትን። ይህ ካርታ ሰፈራውን በሙሉ በቀለም ያሳያል፤ ቀዝቃዛው ሰማያዊ፣ ሞቃቱ ቀይ ነው። ካርታው ያሳየን አንድ ትልቅ ቀይ ክብ ነው። መሀሉ ላይ የከሰል ጄኔሬተሩ የለም። መሀሉ ላይ ያሉት ሁለቱ ኤሌክትሮላይዘሮች ናቸው። ከእነሱ ጀምሮ በአየር ማስገቢያው ሁሉ፣ መኝታ ቤትም እርሻም፣ ቀዩ ይዘረጋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮላይዘር የሚቀበለው ውሃ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ የሚያወጣው ኦክስጅን ከ70 ዲግሪ አያንስም። ሰፈራው የሚተነፍሰው በሙሉ በ70 ዲግሪ የገባ አየር ነው። መውጫ የለውም። በሯንና መስኮቷን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ እንጀራ እንደሚጋገርባት ማድ ቤት፣ ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ይጠራቀማል።

የአየር ኃላፊው ይህን ቁጥር ያውቀው ነበር። ማሽኑ ላይ ተጽፏል። ሲተክለው ግን የሚያስፈልገው ኦክስጅን ነው፤ ዲግሪው የእሱ ጉዳይ አልመሰለውም። የምግብ ኃላፊዋ ደግሞ 30 ዲግሪ የሚለውን ገደብ ታውቃለች፤ አየሩ በስንት ዲግሪ እንደሚገባ አታውቅም። ሁለቱ ቁጥሮች በሁለት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ነበሩ። አንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ቢሆን ማሽኑ ከመተከሉ በፊት ችግሩ ይታይ ነበር። የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ለእኔ ይህ ነው፤ ሰፈራው ያጣው እውቀት አይደለም፣ እውቀቱ የሚገናኝበትን ቦታ ነው።

የሠራው

መጀመሪያ ወጪ ተቆረጠ። አዲስ ሰው መቀበል ቆመ። ማሽ ባር በዑደት ከጥቂት እንዳይበልጥ ተደረገ። በምትኩ ሃች የሚባሉት ድንጋይ በሊታ እንስሳት ታረዱ፤ ሥጋቸው መሸጋገሪያ ሆነ። ሩቅ የነበረው ቁፋሮ ሁሉ ቆመ።

ሁለተኛው እርምጃ ኤሌክትሮላይዘሮቹን ከመሀል ማውጣት ነበር። ወደ በረዷማው ዋሻ ጫፍ ተወስደው ሙቀት በማያሳልፍ ግድግዳ ታጠሩ። ሦስተኛው እርምጃ ሁሉንም ቀየረ። ኦክስጅኑ ወደ ሰፈራው ከመግባቱ በፊት በብረት ቧንቧ በረዶው መሀል እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ አደረጉ። የብረት ቧንቧ ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ ሙቀቱ በረዶው ላይ ይቀራል። ከዋሻው ከወጣ በኋላ ያለው ቧንቧ ደግሞ ሙቀት የማያስተላልፍ ሆነ። በ70 ዲግሪ የሚነሳው አየር ሰፈራው ሲደርስ 20 እና 25 ዲግሪ መካከል ነበር። የሚቀልጠው በረዶ ደግሞ ውሃ ሆኖ ኩሬውን ደገፈ፤ ይህን ማንም አላቀደውም።

ትዕግሥት ያስፈለገው ከዚህ በኋላ ነው። አየሩ ቶሎ ቀዘቀዘ። እርሻው ግን ወዲያው አልዳነም። በእነዚያ ሁሉ ዑደቶች የሞቀው ድንጋይና ወለል ሙቀቱን ይዞታል፤ አዲስ የገባውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ያሞቀዋል። በዚህ ጊዜ የኃይል ኃላፊው መፍትሔው አልሠራም ብሎ ሌላ ነገር ሊጀምር ነበር። የምግብ ኃላፊዋ ግን በየዑደቱ የወለሉን ዲግሪ እየመዘገበች ስለነበር በትንሹ እየወረደ መሆኑን አሳየችው። የጠበቁት በዚያ መዝገብ ምክንያት ነው። ከዚያ የታችኛው ረድፍ ማደግ ጀመረ፣ ቀስ በቀስ ሌላውም።

በረዶው ማለቁ አይቀርም። ይህን ከመጀመሪያውም ስላወቁ የተገኘውን ፋታ በከንቱ አላሳለፉትም። ዘላቂው መፍትሔ በዚህ ጌም የታወቀ ነው። አኳቱነር የሚባለው ማሽን በውስጡ የሚያልፈውን ፈሳሽ በ14 ዲግሪ ያቀዘቅዛል፤ የወሰደውን ሙቀት ራሱ ላይ ያስቀራል። አኳቱነሩን ውሃ ባለበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያስቀምጡት ውሃው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ 125 ዲግሪ ሲደርስ ከላይ ያለው ተርባይን ይስበዋል፣ መብራት ያመነጫል፣ 95 ዲግሪ ውሃ አድርጎ ይመልሰዋል። ሙቀቱ መብራት ሆነ ማለት ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ተርባይኑ 200 ኪሎ ፕላስቲክ ይፈልጋል። ፕላስቲክ ለማግኘት ነዳጅ ያስፈልጋል፣ ነዳጁ ያለው በአስትሮይዱ ታችኛውና ሞቃታማው ክፍል ነው፤ እዚያ መከላከያ ልብስ ሳይለብሱ መሥራት አይቻልም። አኳቱነሩ ደግሞ 1,200 ዋት ይበላል፤ ተርባይኑ ቢበዛ የሚመልሰው 850 ነው። የቁፋሮ ኃላፊዋ ድርሻዋ ከሁሉም የገዘፈው እዚህ ላይ ነው። ልብሱን፣ የነዳጅ ማጣሪያውን፣ የፕላስቲክ መጭመቂያውን በቅደም ተከተል አወጣቻቸው። ተርባይኑ የዞረው በረዷማው ዋሻ ግማሹ ቀልጦ ሳለ ነው።

እውነተኛው ዓለም

ጌሙ በአንዳንድ ነገር ከፊዚክስ ይርቃል። በእውኑ ቀዝቃዛ ውሃ የሰጡት ማሽን ከየትም አምጥቶ 70 ዲግሪ አያወጣም። ሐሳቡ ግን እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ነው። እዚያም ሙቀትን ማውጣት አየር ከመሥራት ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። በባዶው ጠፈር ሙቀት የሚወስድ ንፋስ ስለሌለ ብቸኛው መውጫ ጨረር ነው። ለዚህም አሞኒያ የሚዘዋወርባቸው ትልልቅ ማቀዝቀዣ ክንፎች ጣቢያው ላይ ተዘርግተዋል።

ከዚህ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው በአሜሪካ አሪዞና የተደረገው ባዮስፊር 2 ነው። በሴፕቴምበር 1991 ስምንት ሰዎች ለሁለት ዓመት በታሸገ የመስታወት ግቢ ውስጥ ገቡ። አየራቸውን እጽዋቱ ያድሱታል ተብሎ ነበር። ኦክስጅኑ ግን ከ21 በመቶ ገደማ ተነስቶ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። በ1993 መጀመሪያ ከውጪ ኦክስጅን መጨመር ግድ ሆነ። እርሻው እንዲያፈራ ተብሎ የገባው ለም አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ኦክስጅኑን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጡ ነበር። ያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጠራቀም ቶሎ ይታወቅ ነበር። የግቢው ኮንክሪት ግን እየመጠጠ ደበቀው። ምግብን የጠቀመው አፈር አየሩን ጎዳ፤ ጉዳቱን ደግሞ ግድግዳው ሸፈነው። በአራቱ ጓደኛሞች ሰፈራ ድንጋዩ ሙቀቱን ደብቆ እንዳቆየው ማለት ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድ ምን አለ

መፍትሔ ሲተከል የሚያመጣውን ብቻ ሳይሆን የሚጥለውንም መጻፍ ያስፈልጋል። ኤሌክትሮላይዘር ኦክስጅን ያመጣል፤ ሙቀት ይጥላል፣ ውሃ ይበላል። ማሽ ባር ምግብ ያመጣል፤ ውሃ ይበላል። አራቱ ጓደኛሞች አሁን ማንኛውም ማሽን ከመተከሉ በፊት ሦስት ነገር ይጽፋሉ፦ ምን ይበላል፣ ምን ይሰጣል፣ ምን ይጥላል። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ አልተመረመረም ማለት ነው ብለው ይቆጥሩታል። ይህ ለጄኔሬተር ለሚገዛ ሱቅም፣ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ገበሬም ያገለግላል ብዬ አምናለሁ።

የሥራ ክፍፍልን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ክፍፍሉ ስህተት አልነበረም፤ ያለ እሱ 50ኛው ዑደት አይደርሱም ነበር። የጎደለው የጋራ የሆነውን ነገር የሚጠብቅ ሰው ነው። ውሃው የሁሉም ነበር፤ ስለዚህ የማንም አልነበረም። ሙቀቱም እንዲሁ። የጋራ ሀብት በስም የተመደበ ጠባቂ ሊኖረው ይገባል። እነሱ ጠባቂውን በየሳምንቱ ይቀያይራሉ፤ ያ ሰው በዚያ ቀን ምንም አይገነባም፣ ካርታዎቹን ብቻ ያያል።

በዓይን የሚታየውን ምንጭ ከመንቀል በፊት መለካት የሚለው ግልጽ ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ጄኔሬተሩን ለማዛወር የባከነው ጉልበት ራሱ ይናገራል።

የሰው ቁጥርን ግን ላሰምርበት እወዳለሁ። ሰፈራው 6 ወይም 7 ሰው ቢይዝ ኖሮ አልጌው ይቆይ ነበር፣ አንድ ኤሌክትሮላይዘር ይበቃ ነበር፣ ሙቀቱም በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። እያንዳንዱ አዲስ ሰው የመጣው ሥራ ስለበዛ ነው። ሥራው የበዛው ደግሞ ሰው ስለበዛ ነው። ይህን ክብ የሚያቆመው አንድ ሰው እንቢ ሲል ብቻ ነው፤ እንቢ የማለት ሥልጣን ግን ለማንም አልተሰጠም ነበር።

ጊዜያዊ መፍትሔን መናቅ ግን አይገባም። በረዶው እንደሚያልቅ እየታወቀ መጠቀም ትክክል ነበር። በረዶ መሸከሙ ያልሠራው፣ በረዶው ውስጥ ቧንቧ ማሳለፉ የሠራው፣ ሁለቱም ጊዜያዊ ሆነው ሳለ ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው የሰዎቹን ጉልበት ሲወስድ፣ ሁለተኛው ጉልበታቸውን ነጻ አውጥቶ ለተርባይኑ ሥራ ማስቻሉ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሰፈራው በአሥር ሰው ቀጥሏል። እርሻው 24 ዲግሪ ላይ ቆሟል። ተርባይኑ ይሠራል። ያልተፈታው ውሃው ነው። አሥሩ ሰው ለአየር ብቻ በዑደት 676 ኪሎ ገደማ ውሃ ይፈልጋል፣ ኩሬውም እየወረደ ነው። የቁፋሮ ኃላፊዋ በስተቀኝ በኩል እንፋሎት የሚተፋ ጉድጓድ አግኝታለች። እንፋሎቱ የሚወጣው በ110 ዲግሪ ነው። ተርባይኑ ከ125 በታች ስለማይስብ እንዳለ አይጠቅምም፤ ጉድጓዱም የሚተኛበት ረጅም ጊዜ አለው። የኃይል ኃላፊው በአኳቱነር ተጨማሪ ሙቀት ሰጥቶ ወደ ተርባይን ማስገባት ይፈልጋል። የአየር ኃላፊው የቀረውን በረዶ ተጠቅሞ በቀጥታ ወደ ውሃ መመለስ ይሻላል ይላል። የምግብ ኃላፊዋ ሁለቱን አሠራሮች በሦስቱ ዓምዶች እየጻፈች ነው፤ ጌሙ እስከዚያ ድረስ ቆሟል።